ዳማ ለምን ሶፋው ላይ ይሸና ነበር? ጥንቸል ለምታሳድጉ ሁሉ

ጥንቸላችን ዳማ ወደ ቤታችን ሲመጣ 2 ወር ቢሆነው ነው። ሁለት መዳፎቼ ላይ ተጠቅልሎ ይተኛ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሳፋው ውስጥ መሽናት ለመደ። እኔ ብዙም አልደከምኩም። ራሱ አንድ ጥግ መረጠ፣ ሳፋውን እዚያው አስቀመጥኩለት፣ በቃ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ «እንዲህ ያለ ንጹሕ እንስሳ አይቼ አላውቅም» እል ነበር።

4 ወር ሲጠጋው ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሶፋው መሃል ላይ እርጥብ ቦታ አየሁ። ውሃ የፈሰሰ መስሎኝ በእጄ ነካሁት። ሽታው ምን እንደሆነ ነገረኝ። በማግስቱ እዚያው ላይ ደገመው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ አልጋዬ ላይ፣ ያውም በእኔ ትራስ በኩል። ከዚያ የበሩ ጥግ፣ የመጋረጃው ጫፍ፣ የልጄ ቦርሳ። ሳፋውን ግን አልተወውም። እዚያም ይሸናል፣ ውጭም ይሸናል። በጣም ግራ ያጋባኝ ይሄ ነበር።

ያኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች አንድም ሳልደብቅ ልንገራችሁ። አንድ የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እሱም እኔም ያን ያህል ወር ባልተንገላታን ነበር።

የመጀመሪያው ስህተቴ ቁጣ ነው። ዳማ ሳፋውን የረሳ፣ ወይም እልህ የያዘው መሰለኝ። ሶፋው ላይ ሲወጣ እጮሃለሁ፣ አጨበጭባለሁ። አንድ ቀን ደግሞ አንገቱን ይዤ አፍንጫውን እርጥቡ ላይ አስጠጋሁት። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ልቤን ይነካኛል። ለቀቅኩት፣ ሮጦ አልጋ ስር ገባ። እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆኖ በኋላ እግሩ ወለሉን ደጋግሞ መታው። ጥንቸል እንደዚያ የሚያደርገው አደጋ ሲሰማው ነው። ሌሎቹን ያስጠነቅቃል። ቤት ውስጥ ሌላ ጥንቸል አልነበረም። አደጋው እኔ ነበርኩ።

ቁጣው ምንም አልፈየደም። ጥንቸል አሁን የደረሰበትን ቁጣ ከትንሽ ጊዜ በፊት ካደረገው ነገር ጋር አያገናኘውም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ሰው ያስፈራል። የፈራ ጥንቸል ደግሞ ቦታው የእሱ መሆኑን ይበልጥ ማረጋገጥ ይፈልጋል። ስለዚህ ይበልጥ ይሸናል። በእነዚያ ሳምንታት እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ይል ጀመር። ቀድሞ እኮ ራሱ መጥቶ ግንባሩን እጄ ስር ያስገባ ነበር። ያንን አመኔታ ለመመለስ ሽንቱን ከማስተው በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

ሁለተኛው ስህተቴ በረኪና ነው። ሽታው እንዲጠፋ ብዬ ወለሉንና የሶፋውን ጨርቅ በበረኪና አሸሁት። በሩ ዝግ ነበር። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፣ ሳል ያዘኝ። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ለሳንባ አደገኛ የሆነ ጋዝ ያወጣል። ለእኔ እንዲያ የሆነ ለዚያች ትንሽ ሳንባው ምን እንደሚሆን አስቡት። ለመሆኑ ከዚያ ሁሉ ፍትጊያ በኋላ ምን ሆነ? ዳማ ገና ሳይደርቅ መጥቶ እዚያው ላይ ሸና። የእሱ ምልክት ጠፍቶ ቦታው እንግዳ ነገር ሸተተው። መልሶ የራሱ አደረገው።

ነገሩ የገባኝ አንድ ማታ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ አጣጥፋለሁ። ዳማ መጣና እግሬን መዞር ጀመረ። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት። እየዞረ «እም… እም… እም…» የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ያሰማል። ንብ ቀፎ ውስጥ ሆና የምትጮህ ነው የሚመስለው። ደስ ብሎት የሚጫወት መሰለኝና ዝም ብዬ አየሁት። ድንገት ዘለለ። አየር ላይ ወገቡን ጠመዘዘ። ሞቅ ያለ ጠብታ ከጉልበቴ እስከ ደረቴ መስመር ሠርቶ አለፈ። ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ላይም ደረሰ። ወዲያው ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሶ መዞሩን ቀጠለ።

ዘና ብሎ፣ ጎንበስ ብሎ የሚሸና እንስሳ እንዲህ አያደርግም። እየረጨኝ ነበር። በማግስቱ ጥንቸል የምታውቅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ነገሩን ዘርዝሬ ሳልጨርስ ዶክተሯ ፈገግ አለች። «ጎረምሳ ሆኗል፤ ሽንት አላመለጠውም፤ የእኔ ነሽ እያለሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያነበብኩትንና ያየሁትን ላካፍላችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ሲገባችሁ ንዴታችሁ ግማሹ ይጠፋል።

ቤት ውስጥ የምናሳድጋቸው ጥንቸሎች ሁሉ የዱር የአውሮፓ ጥንቸል ዘሮች ናቸው። ያ ጥንቸል መሬት ቆፍሮ በቡድን ይኖራል። በጨለማና በዋሻ ውስጥ የማን ቦታ የማን እንደሆነ የሚለየው በማሽተት ነው። የእኛዎቹም ያው ናቸው። የራሳቸው ያሉትን ነገር የሚያውጁበት ሦስት መንገድ አላቸው። አንደኛው አገጭ ነው። አገጫቸው ስር እጢ አለ፤ የወንበር እግር፣ የመጽሐፍ ጠርዝ፣ የጫማችሁን አፍንጫ ሲያሹ ታያላችሁ። እኛ አይሸተንም፣ ምንም አይጎዳም፤ ተዉአቸው። ሁለተኛው በጠጥ ነው። ሳፋው ውስጥ ከሚጥሉት ሌላ ደረቅ በጠጣቸውን በክልላቸው ዳር ዳር ይበትናሉ። ሦስተኛው ሽንት ነው፤ ለእኛ የሚከብደው እሱ ነው።

ሽንቱን የሚያነሳሳው ሆርሞን ነው። ትናንሽ ዝርያዎች ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላቸው ለአቅመ መራባት ይደርሳሉ። ትልልቆቹ ትንሽ ይዘገያሉ። ዳማ ያመጣው «ጸባይ» በትክክል በዚያ ዕድሜ ነው የመጣው። ሽንት የሚረጨው ወንድ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ወንዶቹ ይበዛባቸዋል እንጂ ሴቶቹም ይረጫሉ። ሶፋና አልጋ የሚመርጡትም በክፋት አይደለም። እኛ የምንተኛበትና የምንቀመጥበት ቦታ የእኛን ሽታ በብዛት የያዘ ነው። የራሱን ሽታ ከእኛ ሽታ ጋር ያቀላቅላል። ትራሴ ላይ የሸናው ስለጠላኝ ነው ብዬ ያለቀስኩባት ሌሊት አለች። ነገሩ ተቃራኒው ነበር።

ዶክተሯ ያለችው አጭር ነው፤ ይኮላሽ። እኔ ግን ፈራሁ። ትንሽ ነው፣ ማደንዘዣው ቢገድለውስ አልኩ። ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። በዚህ መሃል ሦስተኛውን፣ ከሁሉ የከፋውን ስህተት ሠራሁ።

ብቸኝነት ነው ያስቸገረው ብዬ ሴት ጥንቸል አመጣሁ። ነጭ ናት፣ ጸጉሯ እንደተዳመጠ ጥጥ ነው፤ ባዘቶ አልናት። 5 ወሯ ነበር። ባለቤቴ «አንዱን ሳትጨርሺ ሁለተኛ?» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም።

ሁለቱን በሽቦ አጥር ለይቼ አስቀመጥኳቸው፤ ቢያንስ ይቺን አውቄ ነበር። ሴት ጥንቸል ካረገዘች 31 ቀን ገደማ ቆይታ ትወልዳለች፣ በወለደችበት ቀንም ተመልሳ ልታረግዝ ትችላለች። ግን አጥር ሽታን አያግድም። ዳማ ቀኑን ሙሉ በሽቦው ዳር እየሮጠ ይረጫታል። ባዘቶ ዞራ ትረጨዋለች። ግድግዳው፣ ወለሉ፣ የሁለቱም ጸጉር ቢጫ ሆነ። የባዘቶ ግንባር ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። ከዚያ ደግሞ ከደረቷ ጸጉር እየነጨች፣ ድርቆሽ በአፏ ሞልታ ጎጆ መሥራት ጀመረች። ያረገዘች መስሎኝ ደነገጥኩ። የውሸት እርግዝና ነው፤ ወንድ ሳይነካትም ይመጣል፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ ይለቃል። እስኪያልፍ ድረስ ግን እጄን ባስገባሁ ቁጥር እያጉረመረመች ትዘልብኝ ነበር።

እባካችሁ የመጀመሪያው ጥንቸላችሁ እየረጨ ሁለተኛ አታምጡ። አዲስ ጥንቸል ማለት ለእሱ አዲስ ተቀናቃኝ ወይም አዲስ ሙሽራ ማለት ነው። ሁለቱም ሽንት ያስጨምራሉ።

በመጨረሻ ዳማ 8 ወር ሲሆነው ኦፕራሲዮን አደረግንለት። ለወንድ ጥንቸል የዘር ፍሬው ከወረደ በኋላ፣ ማለትም ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ፣ ይቻላል። ለሴት ብዙ ሐኪሞች ከ4 እስከ 6 ወር ያለውን ይመርጣሉ። እኔ ያዘገየሁት እያንዳንዱ ወር ልማዱን አጠነከረው። ሆርሞኑ ቢጠፋም የለመደው እግሩ ወደ ሶፋው ይወስደዋል።

ስለ ኦፕራሲዮኑ ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር አለ። ሐኪሙ ጥንቸል ላይ ልምድ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ውሻና ድመት ማከም ጥንቸል ማከም አይደለም፤ ማደንዘዣው እንኳን ይለያል። «ከማታ ጀምሮ እንዳይበላ» የሚላችሁ ካለ ጥያቄ አንሱ። ውሻና ድመት እንዳያስታውኩ ይጾማሉ። ጥንቸል ማስታወክ አይችልም፣ አንጀቱ ደግሞ መቆም የለበትም። ስለዚህ ዳማ እስከ መጨረሻዋ ሰዓት ድርቆሹን እየበላ ነው የሄደው። የለመደውን ድርቆሽ አብሬ ያዝኩለት፣ ሲነቃ መጀመሪያ የሸተተው እሱን ነው። የሕመም ማስታገሻውንም ጠይቃችሁ ውሰዱ። የሚያመው ጥንቸል አይበላም። 12 ሰዓት ያህል ሳይበላና በጠጥ ሳይጥል ከቆየ ነገ አታድርጉት፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ውሰዱት።

ዳማ ማታውኑ ቅጠል በላ። እፎይ አልኩ። ከዚያ ሽንቱ ወዲያው የሚቆም መሰለኝ። አልቆመም። በመጀመሪያው ሳምንት ረጨ። በሁለተኛው ሳምንት ረጨ። በሦስተኛው ሳምንት ሶፋው ላይ ሳገኘው መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ገንዘቡም፣ ፍርሃቱም፣ ስቃዩም በከንቱ መሰለኝ። ለዶክተሯ ደወልኩ። ደም ውስጥ ያለው ሆርሞን ቀስ እያለ ነው የሚቀንሰው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ጠብቂ አለችኝ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማስረገዝም ስለሚችል ከባዘቶ እንዳይገናኝ አስጠነቀቀችኝ።

በአምስተኛው ሳምንት አንድ ማታ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ ዳማ መጣ። እግሬን አንድ ጊዜ ዞረ። ትንፋሼን ያዝኩ። አጠገቤ ተዘረጋና አገጩን ጣቴ ላይ አሸት አደረገው። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ባዘቶም ተራዋ ደረሰ። የሴት ኦፕራሲዮን ሆድ ተከፍቶ ስለሆነ ከበድ ይላል፣ ለማገገምም ጊዜ ይፈልጋል። ግን ለእሷ ነገሩ የሽንት ብቻ አይደለም። ማህፀናቸው ያልወጣላቸው ሴት ጥንቸሎች ዕድሜያቸው ሲገፋ የማህፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል። ይሄን ካወቅኩ በኋላ አላመነታሁም።

ሆርሞኑ ከሄደ በኋላ የቀረው ልማዱን ማስረሳት ነበር። እዚህ ላይ ትልቁ ሥራ የእኔ እንጂ የእሱ አልነበረም።

መጀመሪያ ቤቱን አጠበብኩበት። ሳሎኑን ሙሉ ለቅቄለት የነበረውን በሽቦ አጥር ወደ አንድ ጥግ ሰበሰብኩት። ቅጣት አይደለም። ሰፊ ቦታ ሲሰጠው የሚጠብቀው ድንበር ይበዛል፣ ሳፋውም ይርቀዋል። ለአንድ ሳምንት ያለ ስህተት ሲቆይ አጥሩን በአንድ ክንድ ገፋሁለት። ስህተት ሲያበዛ መልሼ አጠበብኩ። ሳሎኑን እስኪያገኝ ሁለት ወር ሄደ። ችኮላ የለም።

ሳፋውን ትልቅ አደረግኩት። የቀድሞው እሱ ሲያድግ ጠብቦት ነበር፤ ፊቱን አስገብቶ ቂጡ ውጭ ይቀራል። ሙሉ ሰውነቱ ገብቶ መዞር መቻል አለበት። ታችኛው ላይ ከወረቀት የተሠራ መምጠጫ፣ ከላዩ ብዙ ድርቆሽ። ጥንቸል እየበላ መጸዳዳት ይወዳል። ድርቆሹ ሳፋው ላይ ካለ እሱም እዚያው ይውላል። ከሁሉ ዘዴ ይህቺ ነች በጣም የሠራችልኝ። የጥድ ሰጋቱራ አታድርጉ፤ ሽታው የሚወጣበት ዘይት ጉበታቸውን ሊጎዳ ይችላል። ሲረጥብ የሚጋገረውን የድመት አሸዋም ተዉት፤ ይበሉታል፣ አንጀታቸው ውስጥ ይጋገራል።

ሳፋውን በየቀኑ አጥቤ እንደ አዲስ አብለጨልጨው ነበር። እሱም ስህተት ነው። አሁን ስቀይር ከአሮጌው ጥቂት እፍኝ መልሼ አስገባለሁ። ውጭ የሸናውን በሶፍት መጥጬ ሶፍቱን ሳፋው ውስጥ አደርገዋለሁ። የበተነውን በጠጥም ጠርጌ እዚያው እጨምራለሁ። ሽታው «ቦታው እዚህ ነው» ይለዋል። አፍ አውጥቼ ከምነግረው በላይ ይገባዋል።

ለሶፋና ለወለል በረኪናውን ትቼ ወደ ነጭ አቼቶ ገባሁ። አቼቶና ውሃ እኩል በእኩል። እርጥቡን መጀመሪያ በጨርቅ ተጭኜ እመጥጣለሁ፣ አላሸውም፤ ማሸት ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ከዚያ አቼቶውን አርከፍክፌ ለሩብ ሰዓት እተወዋለሁ። ሳፋው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ነው፤ እሱንም አቼቶ ያሟሟዋል። ፍራሽ ውስጥ ለሰረገ ግን አቼቶ ብቻውን አልበቃኝም፤ ለቤት እንስሳት ሽንት የተሠራ ኢንዛይም ያለው ማጽጃ ነው ያዳነኝ። ጨርቁ ቀለም እንዳይለቅ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። አቼቶንና በረኪናን ግን በምንም ዓይነት አታቀላቅሉ። መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።

ሶፋውንና አልጋውን ለሦስት ወር ውሃ በማያስገባ ሽፋን ሸፈንኩ፤ የመኝታ ቤቱን በር ዘጋሁ። ሊሸና የሚችልበትን ዕድል መቀነስ ነው። አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ደግሞ አለች። እሱ ጎጆው ውስጥ እያለ እጄን አስገብቼ አላጸዳም። ሲወጣ ጠብቄ ነው። ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ ዕቃውን ስታተራምሱ ቦታውን የቀማችሁት ይመስለዋል፣ ከኋላችሁ መጥቶ ይሸናበታል።

ዳማና ባዘቶን ያገናኘኋቸው ሁለቱም ካገገሙ በኋላ ነው። ቦታው መታጠቢያ ቤት ነበር፤ ሁለቱም ገብተውበት አያውቁም፣ ስለዚህ የማንም አይደለም። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ። መጀመሪያ ተያዩና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ጎን ለጎን በሉ። በአራተኛው ሳምንት ባዘቶ አንገቷን ዝቅ አደረገች፣ ዳማ ግንባሯን ላሰላት። ያ ቢጫ ሆኖ የከረመውን ግንባር። ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ለጥቂት ቀን በጠጥ በየቦታው በተኑ። ጠበቅሁ፣ ቆመ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ባለኝ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልችልም።

ከሁለት ዓመት በኋላ ባዘቶ ምንጣፉ ላይ መሽናት ጀመረች። እኔ አሁን አዋቂ ሆኛለሁ። «እንግዳ ሰንብቶ ስለሄደ ነው፣ ቦታዋን እያስከበረች ነው» አልኩ። አቼቶ፣ ሶፍት፣ ቦታ ማጥበብ። አምስት ቀን ሙሉ እንዲህ ሳደርግ ቆየሁ። በአምስተኛው ቀን ላነሳት ስል የኋላ እግሯ መሃል ያለው ጸጉር እርጥብና የተጣበቀ ሆኖ አገኘሁት። ቆዳዋ ቀልቷል። ምንጣፉ ላይ የደረቀው ነገር እንደ ጠመኔ ዱቄት ነጭ ነበር። ትኩሱን ሳየው ውሃ አይመስልም፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍራም ነው። ስትሸናም ጀርባዋን አጉብጣ ታምጣለች።

ፊኛዋ ውስጥ ካልሲየም ተከማችቶ ጭቃ ሠርቶ ነበር። ራጅ ተነሳች፣ በማደንዘዣ ፊኛዋ ታጠበ፣ ፈሳሽና የሕመም መድኃኒት ተሰጣት። ጥፋቱ ከእኔም ነበር። ለታዳጊ ጥንቸል የሚሰጠውን ካልሲየም የበዛበት የአልፋልፋ ድርቆሽ ካደገች በኋላም አላቋረጥኩም። አሁን የሣር ድርቆሽ ብቻ ነው። ውሃዋንም ከጡጦ ወደ ከባድ ሳህን ቀየርኩ፤ ከሳህን ብዙ ይጠጣሉ። እንድትሮጥም ቦታ አሰፋሁላት።

ስለዚህ ምልክት ማድረግንና ሕመምን ለይታችሁ እወቁ። የሚረጭ ጥንቸል ቦታ ይመርጣል፤ ሶፋ፣ አልጋ፣ ጥግ፣ የሌላ ጥንቸል ገላ። ትንሽ ትንሽ ይረጫል፣ ይበላል፣ ይዘላል፣ ገላው ደረቅ ነው። የታመመው በተቀመጠበት ያመልጠዋል፣ ያምጣል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ኋላው ይረጥባል። ኦፕራሲዮን ሆኖ ለወራት ንጹሕ የነበረ ጥንቸል ድንገት ከጀመረ መጀመሪያ ሐኪም፣ ከዚያ አቼቶ። ዕድሜው የገፋ ከሆነ መገጣጠሚያው አሞት የሳፋውን ጠርዝ መዝለል አቅቶት ሊሆን ይችላል፤ በአንድ በኩል ጠርዙን ዝቅ አድርጋችሁ ቁረጡለት።

ቀለሙ ግን አያስደንግጣችሁ። የጥንቸል ሽንት ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ አንዳንዴም እንደ ደም ቀይ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ከሚበሉት ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው። ትንሽ ደፍረስ ማለቱም ጤነኛ ነው። ቀዩ ደም መሆን አለመሆኑን ሐኪም በመመርመሪያ ወረቀት በደቂቃ ያውቀዋል፤ ከተጠራጠራችሁ ጠይቁ። ቀይ የሸናችው ኦፕራሲዮን ያልሆነች ሴት ከሆነች ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ውሰዷት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሳፋውን ከመድፋቴ በፊት ቁጭ ብዬ አየዋለሁ። በጠጡ ትልልቅና ክብ ነው ወይ? ሽንቱ ቀጭን ነው ወይ? ዳር ላይ ነጭ ዱቄት አለ ወይ? ከአሮጌው ሁለት እፍኝ አስቀርቼ አዲስ ድርቆሽ እቆልልበታለሁ። እጄ ገና ሳይወጣ ሁለቱ ይደርሳሉ። ባዘቶ ዘልላ ትገባለች። ዳማ ግን መጀመሪያ የሳፋውን ጠርዝ በአገጩ ያሻል፣ አራቱንም ጎን። ከዚያ ገብቶ አጠገቧ ይበላል።